ገበሬነቱ ሰም ሲሆን፦ የጎጃም ቅኔ ቤት እና የተማሪው ማንነት (የጉዳይ ጥናት)

ስለ ሶሻላይዜሽን፣ ማለትም ሰው የአንድን ማኅበር ወግና ሚና ስለሚለምድበት ሂደት፣ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ምሳሌያቸውን አብዝተው የሚወስዱት ከወታደር ሰፈር፣ ከእስር ቤትና ከአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የጎጃም አንባቢ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ተቋም አለው፤ ቅኔ ቤት። አንድ የገበሬ ልጅ በ12 ወይም በ13 ዓመቱ የከብት ጥበቃውን ጥሎ፣ አኮፋዳ አንግቶና በትር ይዞ ከቤቱ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ የሚመለሰው ስሙ ተለውጦ፣ አነጋገሩ ረግቶ፣ እናቱ እንኳ «አንተ» ለማለት አፏ የሚይዛት ሰው ሆኖ ነው። በመሐሉ ምን ተደረገ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ጉዳዩን ጠበብ አድርገን ይዘነዋል። የምናየው በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በደብረ ኤልያስና በመሰሏቸው የጎጃም ጉባኤያት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች) የሚታወቀውን የቅኔ ተማሪ ኑሮ ነው። ድጓ ቤቱን (የዜማውን)፣ አቋቋም ቤቱን (የማኅሌቱን) እና መጻሕፍት ቤቱን (የትርጓሜውን) ለማነጻጸር ካልሆነ አንነካቸውም። ቅኔን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጎጃም ልጅ አቋቋም ሲያምረው ወደ ጎንደር፣ ድጓ ሲያምረው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሻገራል፤ ቅኔ የፈለገ የጎንደር፣ የሸዋ፣ የላስታና የትግራይ ልጅ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይመጣል። ስለዚህ ቅኔ ቤቱ የአንድ አውራጃ ልጆች ብቻ የሚገኙበት አይደለም፤ ይህ ኋላ ላይ ለማንነት ነገር ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ከቤት ሲወጣ ምን ይዟል?

ሶሲዮሎጂስቶቹ ፒተር በርገርና ቶማስ ሉክማን በ1966 እ.ኤ.አ. ያስቀመጡት መለያ ለመነሻ ይበቃናል። የመጀመሪያው ሶሻላይዜሽን በቤት ውስጥ፣ ልጁ ባልመረጣቸው ሰዎች እጅ፣ በፍቅርና በቁጣ መካከል የሚፈጸም ነው፤ ዓለምን «እንዲህ ነች» ብሎ የሚቀበልበት። ሁለተኛው ኋላ የሚመጣ ነው፤ ለአንድ ሙያ፣ ለአንድ ተቋም፣ ለአንድ ሚና የሚያበቃ።

የጎጃም ገበሬ ልጅ እስከ 12 ዓመቱ ብዙ ነገር ተምሯል። በሬና ላም በጠባያቸው ለይቶ ያውቃል። ቡቃያ ያስበላ እረኛ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ከተቀመጠበት ይነሣል፤ ለማን «አንቱ» ለማን «አንተ» እንደሚባል ሳይነግሩት ለይቷል። በዚህ ላይ በአጥቢያው ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ፣ ዳዊት ደግሞ ሊሆን ይችላል። የንባቡ ሥርዓት ራሱ ደረጃ አለው፤ ቁጥር፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ዳዊት ያልደገመ ልጅ ቅኔ ቤት ቢገባ ቅኔ የሚቆጥርበት፣ ማለትም የሚያዘጋጅበት፣ የግዕዝ ቃል የለውም፤ ከመጀመሪያዎቹ መውደቂያዎች አንዱ ይህ ነው።

ለመውጣት የሚያነሣሣው ደግሞ አስቀድሞ ዓይኑ የገባ ነገር ነው። በንግሥ ቀን መሪጌታው ቅኔ ሲያቀርብ ሕዝቡ ጸጥ ሲል፣ ሊቃውንቱ ሲያጅቡት አይቷል። ሮበርት መርተን ሰው ገና ያልገባበትን ቡድን ወግ አስቀድሞ መልመድ ሲጀምር ቅድመ ሶሻላይዜሽን ብሎ ይጠራዋል። ከብት እየጠበቀ የቅዳሴ ዜማ የሚያንጎራጉር፣ ጭራ ያልያዘበትን እጁን እንደ ጸናጽል የሚያወዛውዝ እረኛ ማለት ነው።

አወጣጡ ብዙውን ጊዜ ሳያስፈቅድ ነው። አባት እረኛና አራሽ ያጣል፤ እናት ልጅ ታጣለች። በዚያ ላይ ቅኔ ቤቱ ሩቅ ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ስሜት ብቻ አይደለም፤ በዘመድ አቅራቢያ የሚማር ልጅ ለእርሻ፣ ለአጨዳ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ እየተጠራ ቀለሙ ይበተንበታል። አርኖልድ ቫን ጌኔፕ በ1909 እ.ኤ.አ. የሽግግር ሥርዓቶችን መለየት፣ መንገድ ላይ መሆንና መቀላቀል ብሎ በሦስት ሲከፍል የመጀመሪያውን ክፍል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም ነበር። ልዩነቱ፣ እዚህ ልጁን የሚለየው የሚሸኘው ሽማግሌ ሳይሆን የገዛ እግሩ መሆኑ ነው። መንገድ ላይ የመሆኑ ዘመንም አንድ ሌሊት ወይም አንድ ወር አይደለም፤ ዓመታት ነው።

የዳሞቱ፣ የሞጣው፣ የላስታው

አዲሱ ተማሪ ጉባኤው እንደደረሰ ለየኔታ እጅ ነሥቶ ይቆማል። ከየት እንደመጣ፣ የት እንደተማረ፣ ምን ቀለም እንደያዘ ይጠየቃል። ከዚያ ወደ ጎጆ ይመደባል፤ ቦታ ከሌለ ሣርና እንጨት ከመንደሩ ለምኖ ከአንድ ሁለት ጓደኛ ጋር ያቆማል። ጎጆዋ ሁለት ሦስት ሰው ተጣቦ የሚተኛባት፣ ቁመተ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምባት ናት።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛው የሚጠራበት ስም ነው፤ የቤት ስሙ ይቀርና በክርስትና ስሙ ይጠራል። ሁለተኛው የአገሩ መጠሪያ ነው። ቤቱ ሳለ «ዳሞቴ ነኝ» ብሎ አስቦ አያውቅም፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ የዳሞት ሰው ነበርና። ጉባኤው ላይ ከሞጣ፣ ከሜጫ፣ ከአገው ምድር፣ ከላስታ የመጡ ሲያጋጥሙት ግን በአንድ ቀን «የዳሞቱ» ይሆናል። አነጋገሩን ያሾፉበታል፣ እሱም በተራው የሌላውን ያሾፋል። ፍሬድሪክ ባርት በ1969 እ.ኤ.አ. ማንነትን የሚሠራው ውስጡ ያለው ባህል ሳይሆን ከሌላው ጋር የሚያካልለው ድንበር ነው ሲል የተከራከረው ይህንኑ ነው። የአገር ልጅነትን ትምህርት ያደበዝዘዋል የሚሉ ሰዎች ቅኔ ቤቱን አላዩም፤ እዚያ የአገር ልጅነት ይበልጥ ይነቃል። ግን ጥቅሙ ይለወጣል፤ ከመሬትና ከዘር ቆጠራ ይላቀቅና መጠሪያ፣ መቀላለጃ፣ ሲታመሙ መጠያየቂያ ይሆናል።

አጥሩ የት አለ?

ኧርቪንግ ጎፍማን በ1961 እ.ኤ.አ. «ፍጹማዊ ተቋም» ብሎ የገለጸው መኝታ፣ ሥራና ጨዋታ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ አለቃ ሥር የሚፈጸሙበትን፣ ከውጭው ዓለም የተቆረጠውን ኑሮ ነው። ወደዚያ የገባ ሰው ልብሱ፣ ስሙ፣ ጠጉሩ ይወሰድበትና የቀድሞ ማንነቱ ይራቆታል። ቅኔ ቤቱ በከፊል ይመስላል። ጠጉር ይላጫል፤ ደበሎ ወይም ያረጀ ጋቢ ይለበሳል፤ ስም ይለወጣል፤ የመምህሩ ቃል ሕግ ነው፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መስበር፣ የመምህሩን ማሳ ማረም የተማሪው ግዴታ ነው።

አጥር ግን የለውም። ተማሪው በየቀኑ ወደ መንደር ይወጣል፤ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያ ነውና። የጎፍማን ሐሳብ እዚህ ላይ ሳይስተካከል ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ተማሪውን ከቀድሞ ማንነቱ የሚለየው ግንብ ሳይሆን ልመናው ነው። መንደሩም በዚህ ሥራ ውስጥ ተመልካች ሳይሆን አስተማሪ ነው።

የልመናው ሥርዓት እንዲህ ነው። ተማሪዎች መንደሮቹን ይከፋፈላሉ፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ሰው ይሰለቻል፣ ቁራሹም ይቀንሳል። የመውጫው ሰዓት ምግብ የሚቀርብበት ነው። ተማሪው ግቢ ውስጥ ዘው ብሎ አይገባም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ ቸሩ እግዚአብሔር!» ይላል። በትሩ ለውሻ ነው። የተሰጠውን አይመርጥም፤ ቁራሽ እንጀራም፣ ቆሎም፣ ንፍሮም ወደ አኮፋዳው ይገባል። ማታ ጎጆ ላይ ይገለበጣል፤ አብረው የሚያድሩት ይካፈሉታል፤ የታመመ ድርሻው አይቀርበትም። የተረፈው ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ሆኖ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ክፉው ቀን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ወንዙ ይሞላል፣ የገበሬውም ጎተራ ይሟጠጣል።

ስሌቱን መሥራት ይጠቅማል። 60 ተማሪ ያለበት ጉባኤ ለእያንዳንዱ በቀን 4 ቁራሽ ቢያስፈልገው 240 ቁራሽ ይሆናል። አንድ ቤት በቀን ከአንድ ቁራሽ በላይ አይሰጥም ብንል፣ ተማሪው በእግሩ ደርሶ በሚመለስበት ርቀት 240 ቤት መኖር አለበት። ጉባኤ ሲፈርስ ብዙዎች የመምህሩን ማርጀት ወይም የወጣቱን ፍላጎት ማጣት ያነሣሉ፤ መጀመሪያ ግን ይህን ቁጥር ማየት ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ብዙ አድባራት መሬት ነበራቸው፤ ለመምህሩ ድርጎ ከዚያ ይወጣ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ ያንን ሲያቋርጠው ሸክሙ ወደ ምእመናን መዋጮና ወደ አኮፋዳው ዞረ።

አሁን ወደ ደጁ እንመለስ። ቻርልስ ኩሊ በ1902 እ.ኤ.አ. ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች መስታወትነት ነው ብሏል፤ በሌሎች ዓይን እንዴት እንደምታይ እገምታለሁ፣ ምን ብለው እንደሚፈርዱብኝ እገምታለሁ፣ ከዚያ ኩራት ወይም እፍረት ይሰማኛል። በተማሪው ፊት በአንድ ደጅ ላይ ሁለት መስታወት ይቆማሉ። ውሻው የሚያየው ለማኝ ነው። ባለቤቲቱ ወጥታ «ዝም በል አንተ ውሻ! ተማሪ ነው እኮ፤ ና ልጄ፣ እንካ» ስትል የምታየው የማርያምን ስም የያዘ እንግዳ ነው። ተማሪውም «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ማርያም ትቁምልዎ» ብሎ ይመርቃል። ባለቤቲቱ የሰጠችው ቁራሽ ነው፣ የተቀበለችው ምርቃት። ያ ልጅ ከወር በፊት ለእናቱ «ውኃ ስጪኝ» የሚል እረኛ ነበር፤ አሁን ትልቅ ሴት ምርቃቱን «አሜን» ብላ ትቀበለዋለች። ይህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በዓመት ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። የሚናው ለውጥ የሚጸናው በጉባኤው ስብከት ሳይሆን በዚህ ድግግሞሽ ነው ብንል አልተጋነነም።

የሚከለክሉም አሉ። «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ያለ ቁራሽ መመለስ የትምህርቱ ክፍል ነው። ያኮረፈ፣ የተሳደበ ተማሪ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ጉባኤው ይደርሳል፤ የሚቀጡትም ጓደኞቹ ናቸው፤ ያንን መንደር ያበላሸባቸው ለሁሉም ነውና።

የቀን ሥራው

ቅኔ ቤት የሚሠራው በግስ፣ በአገባብ፣ በዘረፋ፣ በቆጠራና በነገራ ነው። ግስ ማለት የግዕዝ ግሦችን ከነርባታቸው በቃል መያዝ ነው። አገባብ የቃላትን ማያያዣ ያስተምራል። በዘረፋ መምህሩ ቅኔ አዲስ ያፈልቃል፤ ተማሪው መልኩን ያያል። ቀጥሎ ተማሪው ለብቻው ይወጣል፤ ዛፍ ሥር፣ ወንዝ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ደበሎውን ተከናንቦ ይቀመጥና የራሱን ይቆጥራል። ብራና የለም፣ ወረቀት የለም፤ ቃሉ፣ ልኩና ቤት መምቻው ሁሉ በጭንቅላት ውስጥ ነው። በነገራ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው (ታናናሾቹን ለሚያርመው ታላቅ ተማሪ) ያሰማል፣ ይታረምለታል።

የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት (ስንኝ) ብቻ። ቀጥሎ 3 ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ 5 ቤት ያለው ዋዜማ፣ 6 ቤት ያለው ሥላሴ እያለ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። እንደ ተማሪው ትጋትና እንደ ጉባኤው ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል።

ነገራውን በቅርብ ማየት ደግ ነው። ተማሪው ጎንበስ ብሎ «የኔታ፣ ልንገር?» ይላል። «ንገር።» ሁለቱን ቤት ይላል። መምህሩ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱን ቃል ይይዙና «ግሱን አንሣ» ይላሉ። ልጁ ካነሣ «አገባቡስ?» ይከተላል። እዚህ የተንተባተበ ቅኔው የእሱ አይደለም፤ ታላቅ ተማሪ አበድሮታል። ተውሶ መቁጠር የቅኔ ቤት ዋነኛ ሌብነት ነው፤ መያዣውም ይኸው የግስ ጥያቄ ነው። ቅኔው የሰመረ፣ የቃሉን ሥር ግን የማያውቅ ልጅ በሁለት ጥያቄ ይገለጣል።

እዚህ ላይ ከዜማ ቤት ጋር ያለው ልዩነት ሶሲዮሎጂን የሚፈትን ነው። ድጓ ቤት ያለ ተማሪ ጥፋቱ ከተቀበለው መለየት ነው፤ ቅዱስ ያሬድ የሠራው ተብሎ የተሰጠው ዜማ ከነምልክቱ እንዳለ መተላለፍ አለበት። ቅኔ ቤት ያለው ግን ጥፋቱ የተባለን መድገም ነው። ቅኔ ለአንድ ዕለት፣ ለአንድ በዓል ይፈልቃል፤ በማግሥቱ ሌላ ይጠበቃል። ሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ርሃብ፣ አንድ ዓይነት ደበሎ፣ አንድ ዓይነት አለንጋ አላቸው። ጥብቅ ሥነ ሥርዓት ታዛዥና ደጋሚ ሰው ብቻ ያወጣል የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ አይሠራም። አዲስ መፍጠርም እንደማንኛውም ወግ በቅጣትና በውዳሴ የሚለመድ ግዴታ ሊሆን ይችላል።

ገበሬው የት ሄደ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዳግም ሶሻላይዜሽን የቀድሞውን ማንነት አፍርሶ አዲስ ይተክላል ይባላል። የቅኔ ተማሪውን ስም፣ ልብስና ቤት ብቻ ያየ ሰው እንደዚያ ቢደመድም አይፈረድበትም። ቅኔውን ያዳመጠ ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ የሚታየው፣ ወርቁ የሚፈለገው ነው። ጀማሪው ስለ ክርስቶስ ቤዛነት ሊቆጥር ሲቀመጥ ወርቁ ከመጻሕፍት የተሰጠው ነው፤ ሰሙን ግን ከራሱ ማምጣት አለበት። ከየት ያምጣ? ከሚያውቀው። «ሐራሲ ክርስቶስ» ይላል፤ ገበሬው ክርስቶስ። ቀጥሎ ማረሻው፣ ቀንበሩ፣ ዘሩ፣ አረሙ፣ አውድማው ይከተላል። እረኛ ከነበረ በጉና ተኩላው፣ በረቱና ወንጭፉ አሉለት። ስለ በሬ ጠባይ የማያውቅ የከተማ ልጅ በዚህ ላይ ይቸገራል፤ ሰሙ ይደርቅበታል፣ ወርቁም የሚጣበቅበት ያጣል።

ስለዚህ ጥሎት የመጣው የአባቱ ማሳ አልጠፋም። ቦታው ተለወጠ እንጂ። ቤት ሳለ ማሳው ራሱ ዓለም ነበር፤ ጉባኤው ላይ ሌላ ነገር የሚታይበት መሣሪያ ሆነ። ፒየር ቡርዲው ሀቢተስ ያለው፣ በልጅነት በሥጋ ውስጥ የገባው የአመለካከትና የአያያዝ ልማድ፣ እዚህ ሳይነቀል ተገራ። የመጀመሪያው ሶሻላይዜሽን የሁለተኛው ጥሬ ዕቃ ሲሆን ማየት የፈለገ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጉዳይ አያገኝም። ከብት ጠባቂነቱን የሚያፍርበት ልጅም፣ ያችኑ ከብት በሰም መልክ አምጥቶ ሲመሰገን እፍረቱ ይለዝባል።

አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰምና ወርቅን ከቅኔ አውጥቶ የአማራ ባህል አጠቃላይ የአነጋገር ጠባይ አድርጎ ተንትኗል። ሐሳቡ ብዙ አስተምሯል፤ እዚህ የምናየው ግን ጥንቃቄ እንድናደርግ ያስገድዳል። ዘወርዋራ ንግግር በየቤቱ አለ፤ ሰምና ወርቅ ግን እንደ አየር ያለ ልፋት የሚተነፈስ አይደለም፤ በግስና በአገባብ፣ በርሃብና በነገራ የሚገኝ ሙያ ነው። ሁሉም ጎጃሜ ቅኔ ያውቃል ማለት ሁሉም ጎጃሜ አንጥረኛ ነው እንደማለት ነው።

አስነጋሪው

ተማሪው ወደ ላይኞቹ የቅኔ ዓይነቶች ሲደርስ የታችኞቹን ያስነግራል። ጆርጅ ሄርበርት ሚድ ልጅ ራሱን የሚያገኘው የሌላውን ሚና ወስዶ ሲጫወት፣ ኋላም የማኅበሩን ሁሉ ዓይን ወደ ውስጡ ሲያስገባ ነው ይላል። ቅኔ ቤቱ ይህን በሥራ ያሳያል። ትናንት «ግሱን አንሣ» ሲባል የተንቀጠቀጠ ልጅ ዛሬ ራሱ ይጠይቃል። እያስነገረ ሳለ የገዛ ራሱን ቅኔም በዚያው ዓይን መመርመር ይጀምራል፤ ከዚህ በኋላ ለብቻው ዛፍ ሥር ሲቀመጥ እንኳ መምህሩ በውስጡ አሉ።

አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል። አስነጋሪነት ሥልጣን ነው። መምህሩ ካረጁ ወይም ጉባኤው ከበዛ፣ ታናሹን ያለ ልክ የሚያሠራ፣ ቁራሹን የሚቀማ፣ ያለ ጥፋት የሚመታ አስነጋሪ ይነሣል። ታናሹ ደግሞ ለማን ይንገር? ከቤቱ ሸሽቶ የመጣ ነው። ጥሩ መምህራን መድኃኒቱን ያውቁታል፤ አስነጋሪን ይለዋውጣሉ፤ ራሳቸውም አልፎ አልፎ የታናናሾቹን ቅኔ በቀጥታ ይሰማሉ።

የሚበላሸው በምን በምን ነው?

በጣም ሕፃን ሆኖ መውጣት አንዱ ነው። የ8 ዓመት ልጅ የቤቱን ዓለም ገና አላጠናቀቀም፤ ናፍቆቱ ከቀለሙ ይበረታል፣ ሰም የሚሆን የእርሻ ዕውቀትም ገና አልያዘም። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ክረምት ይመልሰዋል።

ሁለተኛው በሽታ ነው። አንድ ልብስ ያለው፣ በጠባብ ጎጆ ተጣብቆ የሚተኛ፣ ሳሙና የማያገኝ ተማሪ ቅማል ያፈራል፤ የሚያገረሽ ትኩሳትና ተስቦ የሚተላለፉት በዚሁ በልብስ ቅማል ነው። እከክም አብሮ ተጣብቆ በመተኛት ይተላለፋል። ልብስ በፈላ ውኃ መቀቀልና ጎጆ ውስጥ የሚያድረውን ቁጥር መቀነስ ከማንኛውም ስብከት ይበልጣል። በውሻ የተነከሰም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ሊሮጥ ይገባል፤ «የማርያም ተማሪን ውሻ አይጎዳውም» የሚል ንግግር ስንቱን አስቀርቷል።

ሦስተኛው የመለያ ስም ነው። ሃዋርድ ቤከር በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተማረው አንድ ሰው የሚለጠፍበት ስም ራሱ ጠባይን እንደሚሠራ ነው። የጎጃም የቅኔ ተማሪ «አብሾ (አእምሮ ይከፍታል የሚባል መድኃኒት) ጠጥቷል»፣ «ደጋሚ (ድግምት የሚያውቅ) ነው»፣ «ከሱ ጋር አትጣላ» ይባላል። ወሬው ሁለት ስለት አለው። ተማሪው ብቻውን በሌሊት መንገድ ሲሄድ ይጠብቀዋል፤ ሽፍታም ይፈራዋል። ያንኑ ፍርሃት አይተው አንዳንዶች በእውነት ወደ ክታብና ድግምት ንግድ ያዘነብላሉ። ገበያው የተፈጠረው ከቅኔ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ በተለጠፈው ስም ነው።

የማይገጥመው ምሳሌ

የጉዳይ ጥናት መደምደሚያውን የሚፈትን ተቃራኒ ምሳሌ ካልፈለገ ጎደሎ ነው። እኛ ጋ ያለው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን የተማሩት ከቅኔ መምህር አባታቸው ነው፤ ኋላም በጎጃም ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። አኮፋዳ ይዘው በየደጁ አልዞሩም። ይህ ምን ያሳያል? የቅኔ ሙያና የተማሪነት ማንነት ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ ነው። መንገዱና ልመናው የሚሠሩት ተማሪን ነው፤ ቅኔን የሚሠራው ግስና ነገራው ነው። ሴቶች ከቅኔ ቤት የራቁት ለቅኔ ስለማይበቁ ሳይሆን፣ የ13 ዓመት ልጃገረድ ብቻዋን መንገድ የምትወጣበት፣ ጎጆ የምታድርበት ወግ ስላልነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ

ሁሉንም አዳርሶ የተመረቀ ተማሪ ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር ወይም ወደ መጻሕፍት ቤት ሊቀጥል ይችላል። ቡርዲው የባህል ሀብትን በሦስት ይከፍላል፤ በሰው ውስጥ ያለ፣ በዕቃ መልክ ያለ፣ በተቋም የተመሰከረለት። የቅኔ ተማሪው በመጀመሪያው ባለጠጋ ነው፤ በሦስተኛው ድሃ። በቤተ ክርስቲያኑ ዓለም የመምህሩ ምስክርነት ይበቃዋል፤ ከዚያ ወጥቶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያንኳኳ ግን የሚጠየቀው የክፍል ካርድ ነው። መወድስ የሚቆጥር የ19 ዓመት ወጣት ከ10 ዓመት ልጆች ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ብዙዎች አይቀመጡም። ሁለቱን ዓለም ማገናኘት እንደሚቻል ያሳዩም አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ ዘመናዊው ተሻግረው ዲፕሎማትና ደራሲ ሆነዋል። ያ መሻገሪያ ግን በወጣትነት፣ በጊዜው የተገኘ ነበር።

ይህን ጉዳይ በመስክ ሊያጠና የተነሣ ሰው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ ነገራው ላይ፣ ጎጆው ውስጥ፣ የመንደሩ ደጅ ላይ። ጉባኤው ላይ ብቻ ተቀምጦ የሚመለስ የመምህሩን ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ፈቃድ ከደብሩ አስተዳዳሪ ብቻ ሳይሆን ከየኔታም ይጠየቅ። ተማሪውን «ለምን ትለምናለህ?» ማለት አፉን ያዘጋዋል፤ «የየትኛው መንደር ተራህ ነው? ክረምት ሲሆንስ?» ማለት ያናግረዋል። እናቶችንም ይጠይቁ፤ የሚሰጡትን ብቻ ሳይሆን ልጃቸው የወጣባቸውን።

አቋርጠው የተመለሱትንም አይዝለሉ። ቅኔ ቤቱ በምሩቃኑ ቁጥር ከተለካ አብዛኛው ተማሪ ውድቀት ይመስላል። ጉባኤ ቃና ላይ የቀረው ልጅ ግን ወደ እርሻው ሲመለስ ግስ ይዞ ተመልሷል፤ በዕድሩ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ በሽምግልናው ነገር አዋቂ፣ በሠርጉ መራቂ ይሆናል። የሰፈሩ ሰው አሁንም «ተማሪው» ይለዋል፤ ሚስት አግብቶ፣ በሬ ጠምዶ፣ ልጆች ወልዶም ቢሆን።